ቃል በችሎት ፊት

ዩሊየስ ሽትራይኸር በጀርመን አገር፣ በኑረምበርግ ከተማ የልጆች አስተማሪ ነበር። በ1923 (በዚህ ትረካ ውስጥ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «ዴር ሽቱርመር» የሚባል ሳምንታዊ ጋዜጣ ማውጣት ጀመረ። የጋዜጣው ሥራ አንድ ነበር፤ አይሁድን ማስጠላት። ከፊት ገጹ ግርጌ «መዓታችን አይሁድ ናቸው» የሚል ዓረፍተ ነገር በየሳምንቱ ይታተማል። ጋዜጣውን ገንዘብ አውጥቶ ለማይገዛ ሰው ደግሞ በየአደባባዩ፣ በየፌርማታውና በየፋብሪካው በር የማሳያ ሳጥን ተተከለ። ሳጥኑ ቀይ ቀለም የተቀባ ነው። ጋዜጣው ገጽ በገጽ ተዘርግቶ ይለጠፍበታል፤ ከሥራ የሚመለሰው ሰው ቆም ብሎ ያነባል፣ ሥዕሉን ያያል፣ ይሄዳል። በማግስቱም እዚያው ያገኘዋል።

በ1935 የጋዜጣው ኅትመት 600,000 ደርሶ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ማተሚያ ቤቱ «መርዛማው እንጉዳይ» የተባለ ባለሥዕል መጽሐፍ ለሕፃናት አወጣ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። ፊደል ያስቆጠረ ሰው ለልጆች ምን እንደሚጥማቸው ያውቃል፤ ያንን እውቀቱን ይዞ ነው ወደዚህ የገባው።

ሆኖም ጦርነቱ ሲፋፋም ሽትራይኸር ባለሥልጣን አልነበረም። በ1940 ከናዚ ፓርቲ ሹመቱ ተነሥቶ እርሻው ላይ ተቀምጦ ነበር። የጦር ዕቅድ አልነደፈም፤ የሞት ካምፕ አላቋቋመም፤ በገዛ እጁ ሰው ገደለ ተብሎም አልተከሰሰም። ጋዜጣውን ግን እስከ 1945 መጀመሪያ ድረስ አላቋረጠም። በኅዳር 1945 ያው የገዛ ከተማው የዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት መቀመጫ ሲሆን፣ ከናዚ መሪዎቹ ከነጎሪንግና ከነሪበንትሮፕ ጋር በአንድ የተከሳሾች ሳጥን ውስጥ ተከሶ ቀረበ። ሰው በጻፈው ነገር በሞት ይቀጣልን? ዳኞቹ ይህን መመለስ ነበረባቸው።

ዐቃቤ ሕጎቹ ጋዜጣውን ራሱን ማስረጃ አድርገው አቀረቡ። ተከሳሹ ስለ ጭፍጨፋው የማውቀው ነገር አልነበረም ብሎ ተከራከረ። ለዚህ መልስ የሆነው አንድ ሌላ ጋዜጣ ነው። ሽትራይኸር በስዊዘርላንድ የሚታተም የአይሁዳውያን ሳምንታዊ ጋዜጣ ያነብ ነበር፤ በዚያ ላይ በምሥራቅ አውሮፓ የሚካሄደው ግድያ እየተዘገበ ይወጣ ነበር። እንግዲህ ሰዎቹ እያለቁ መሆናቸውን እያወቀ «ይጥፉ» እያለ ይጽፍ ነበር ማለት ነው። ፍርድ ቤቱ ጦርነቱን በማሴር ከቀረበበት ክስ ነፃ አወጣው፤ በሰብአዊነት ላይ በተፈጸመ ወንጀል ግን ጥፋተኛ ብሎ ሞት ፈረደበት። ጥቅምት 16 ቀን 1946 በእስር ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ተሰቀለ። ወደ መስቀያው ሲወጣ የፑሪምን በዓል ስም እየጠራ ጮኸ። መጽሐፈ አስቴርን ያነበበ ሰው ያስታውሰዋል፤ ፑሪም አይሁድን ሊያጠፋ የተነሣው ሐማ ራሱ ባቆመው እንጨት ላይ የተሰቀለበት መታሰቢያ ነው።

በዚያው የተከሳሾች ሳጥን ውስጥ ሃንስ ፍሪትሽ የሚባል ሰው ተቀምጦ ነበር። የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትሩ ጎብልስ ራሱን ስለገደለ በእሱ ቦታ የቀረበ ይመስል ነበር። ፍሪትሽ በሚኒስቴሩ የሬድዮ ክፍል ኃላፊ ነበር፤ ድምፁን የማያውቅ ጀርመናዊ አልነበረም ማለት ይቻላል። ጦርነቱን ያወደሰ፣ አይሁድን ያወገዘ፣ ሐሰትም ያስተላለፈ ሰው ነው። ዳኞቹ ግን የሬድዮ ንግግሮቹን መርምረው፣ የእሱ ዓላማ ሕዝቡ ለሂትለርና ለጦርነቱ ድጋፍ እንዲሰጥ ማነሣሣት እንጂ ጭፍጨፋ እንዲፈጽም ማነሣሣት አልነበረም አሉ። በነፃ ተሰናበተ። የሶቪየቱ ዳኛ ኒኪትቼንኮ በዚህ አልተስማሙም፤ የልዩነት ሐሳባቸውን ጽፈው አያያዙ። የጀርመን ችሎት በኋላ ዘጠኝ ዓመት ፈርዶበት በ1950 ተለቀቀ።

የሁለቱን ፍርድ ጎን ለጎን ሳየው የኑረምበርግ ዳኞች የሠሩት መስመር ቀጭን ሆኖ ይታየኛል። «አገራችን ትክክል ናት፣ ጠላታችን ሐሰተኛ ነው፣ ዝመቱ» ማለት አንድ ነገር ነው። «እነዚህ ሰዎች ይጥፉ» ማለት ሌላ ነው። መስመሩ ቀጭን ቢሆንም ትክክለኛ ይመስለኛል። የመጀመሪያው ወንጀል ነው ከተባለ የየትኛውም አገር የጦርነት ዘመን ሬድዮ፣ የአሸናፊውም ጭምር፣ ከእስር አያመልጥም ነበር።

ቀጥሎ ያሉት ዓመታት የወረቀት ዓመታት ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በኅዳር 1947 ለጦርነት የሚደረግ ፕሮፓጋንዳን በውሳኔ አወገዘ። በታኅሣሥ 1948 የጸደቀው፣ የዘር ማጥፋትን የሚከለክለው ስምምነት ሲረቀቅ ክርክሩ ጠነከረ። የመጀመሪያው ረቂቅ በጥላቻ የተሞላና ስልታዊ የሆነ ቅስቀሳን ሁሉ በወንጀልነት ያስቀምጥ ነበር። አሜሪካኖች ይህ የጋዜጣ ነፃነትን ይገድላል ብለው ተቃወሙ። ሶቪየቶች ይግባ ብለው ጸኑ፤ የሶቪየት መንግሥት በአገሩ ለጋዜጠኛ ምን ያህል ነፃነት እንደሚሰጥ ለሚያውቁ ሁሉ ግን ክርክሩ አላሳመነም። በመጨረሻ ሐረጉ ወጥቶ በቦታው ጠባብ ቃል ገባ፤ ዘር እንዲጠፋ «በቀጥታና በይፋ ማነሣሣት» ወንጀል ሆነ።

ይህን ስምምነት ከዓለም አገሮች ሁሉ ቀድማ ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ናት። ቀኑ ሐምሌ 1 ቀን 1949 ነበር። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚጠራው የየካቲት 12 ጭፍጨፋ ከተፈጸመ ገና 12 ዓመት ነበር፤ የፋሺስት ወታደሮች አዲስ አበባ ላይ ቤት ከነሰው ሲያቃጥሉ ያዩ ሰዎች በየመንደሩ ነበሩ። በ1957 የወጣው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ከስምምነቱ አልፎ ሄዶ በአንቀጽ 281 የፖለቲካ ቡድንን ለይቶ ማጥፋትን ጭምር ከዘር ማጥፋት ጋር ቆጠረ። ይህ አንቀጽ በሃያ ዓመት ውስጥ በገዛ ምድሩ ይፈለጋል ብሎ የገመተ ሰው የነበረ አይመስለኝም።

በ1966 የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ተፈረመ። አንቀጽ 20 ለጦርነት የሚደረግ ማናቸውም ቅስቀሳ በሕግ ይከልከል ይላል። ብዙዎቹ የሰሜን አውሮፓ አገሮች አንቀጹን አንቀበልም አሉ፤ አሜሪካም በ1992 ቃል ኪዳኑን ስታጸድቅ ይህን አንቀጽ ለይታ አስቀረች። ምክንያታቸው የንግግር ነፃነት ነው፤ «የጦርነት ቅስቀሳ» የሚለው ቃል ወሰን የለውም፤ መንግሥት እንደፈለገ ይለጥጠዋል። በዚህ ፍርሃታቸው ከእነሱ ጋር ነኝ።

በሚያዝያ 1977 አዲስ አበባ፣ አብዮት አደባባይ። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሕዝብ ፊት ቆመው ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን አንሥተው ፈጠፈጡ። ከዚያ በኋላ ያለውን ያየው ትውልድ ያውቀዋል። ጠዋት ሬድዮ ሲከፈት እገሌና እገሌ ላይ «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደ» ይላል። ተገደሉ አይልም። «እርምጃ» የሚለው የእግር ቃል በአማርኛችን ውስጥ የሞት ቃል ሆኖ ቀረ፤ በዚያ ዘመን ልጅ የነበረ ሰው ዛሬም ቃሉን ሲሰማ ሰውነቱ ይሸማቀቃል። ፍርዱ የመጣው ሃያ ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ ነው። በታኅሣሥ 2006 የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ኮሎኔሉን በሌሉበት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ አላቸው።

ሩዋንዳ የራሷ «እርምጃ» ነበራት። በኪንያሩዋንዳ «ጉኮራ» ማለት መሥራት ነው። በ1994 ጸደይ «ወደ ሥራ ውጡ» የተባለ ሰው ገጀራውን ይዞ የት እንደሚሄድ ያውቅ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ግን ቀደም ብሎ ነው። በ1990 ሐሰን ንጌዜ «ካንጉራ» የተባለውን ጋዜጣ አቋቋመ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ «የሁቱ አሥርቱ ትእዛዛት» የሚል ጽሑፍ አተመ፤ ቱትሲ ያገባ፣ ከቱትሲ ጋር የነገደ ሁቱ ከሃዲ ነው የሚል። በሐምሌ 1993 ደግሞ «ሚል ኮሊን» የተባለው ሬድዮ ሥርጭት ጀመረ። ከመሥራቾቹ ዋናው ፈርዲናንድ ናሂማና የታሪክ ምሁርና የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር፤ ጓደኛው ዣን ቦስኮ ባራያግዊዛ የሕግ ሰው ነው፤ የማኅበሩን ሊቀ መንበርነት የያዘው ፌሊሲየን ካቡጋ ባለጸጋ ነጋዴ ነበር። ሬድዮው ጥሩ ሙዚቃ ያሰማ ነበር። ጋዜጠኞቹ እንደ ሰፈር ሰው ይቀልዳሉ፣ ከአድማጭ ጋር ይጫወታሉ። የመንግሥቱ ሬድዮ ደረቅ ስለነበር ወጣቱ ሁሉ ወደዚህ ሄደ። በጨዋታው መሐል «ኢንየንዚ» የሚለው ቃል ይመላለሳል፤ በረሮ ማለት ነው።

ሚያዝያ 6 ቀን 1994 ማታ የፕሬዚዳንት ሃብያሪማና አውሮፕላን በኪጋሊ ሰማይ ላይ ተመትቶ ወደቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሬድዮው የሰው ስም መጥራት፣ የመኪና ታርጋ ቁጥር ማንበብ፣ የተደበቁበትን ቦታ መጠቆም ያዘ። በየመንገዱ ኬላ የቆሙት ወጣቶች በአንድ እጃቸው ገጀራ፣ በሌላው ትንሽ ሬድዮ ይዘው ነበር። ሰኔ 4 ቀን ካንታኖ ሃቢማና የተባለው ተናጋሪ የሰውየውን ቁመትና መልክ እዩ፣ አፍንጫውን እዩና ስበሩት ብሎ በአየር ላይ ተናገረ። እንዲህ ያለውን ንግግር ለማብራራት ጠበቃም የቋንቋ ምሁርም አያስፈልግም።

በዚያ ጊዜ ሬድዮውን ዝም ማሰኘት ይቻል ነበር ወይ? የተባበሩት መንግሥታት ጦር አዛዥ ጄኔራል ዳሌር ሥርጭቱ እንዲታፈን ጠይቀው ነበር። በግንቦት 5 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ጉዳዩን አይቶ በማስታወሻ መልስ ሰጠ። ማፈኛውን የሚሸከመው አውሮፕላን በሰዓት 8,500 ዶላር ያስወጣል፤ ውጤቱም አጠራጣሪ ነው። የዓለም አቀፍ የሥርጭት ሕግና የአሜሪካ የንግግር ነፃነት መርሕም እንቅፋት ተብለው ተነሡ። ይህን ሳነብ እጄን ጭንቅላቴ ላይ አደርጋለሁ። የንግግር ነፃነትን እወዳለሁ፤ እኔም በእሱ ነው የምኖረው። ነገር ግን የተደበቀ ሰው አድራሻ የሚያነብ ሬድዮ ሐሳብ እየገለጸ አልነበረም። በሐምሌ ወር መንግሥቱን ሲወጋ የነበረው አማፂ ጦር ኪጋሊን ሲይዝ፣ በተባበሩት መንግሥታት ግምት 800,000 ያህል ሰው አልቆ ነበር።

በዚያው ዓመት ኅዳር 8 ቀን የጸጥታው ምክር ቤት ለሩዋንዳ ልዩ ፍርድ ቤት አቋቋመ፤ መቀመጫውም አሩሻ፣ ታንዛኒያ ሆነ። በ1998 ዣን ፖል አካየሱ የተባለው የወረዳ ሹም በዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በዘር ማጥፋት የተፈረደበት የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ ከጥፋቶቹም አንዱ ለሕዝብ ያደረገው ንግግር ነበር። በ2000 የሬድዮው ተናጋሪ የነበረው ቤልጂየማዊ ዦርዥ ሩጊዩ ጥፋቱን አምኖ 12 ዓመት ተፈረደበት።

የሚዲያው ክስ ተብሎ የሚታወቀው ዋናው ችሎት የተከፈተው ጥቅምት 23 ቀን 2000 ነው። ተከሳሾቹ ናሂማና፣ ባራያግዊዛና ንጌዜ ናቸው። ሰብሳቢዋ ዳኛ ናቪ ፒላይ ከደቡብ አፍሪካ የመጡ፣ በአፓርታይድ ዘመን የታሰሩ ፖለቲከኞችን ጥብቅና ቆመው የተከራከሩ ሴት ናቸው። መንግሥት ሰውን በንግግሩ ምክንያት ሲያስር ምን እንደሚመስል ያውቃሉ። ለዚህ ችሎት ከእሳቸው የተሻለ ሰው መገኘቱን እጠራጠራለሁ።

ናሂማና ከሚያዝያ 6 በኋላ በሬድዮው ላይ ሥልጣን አልነበረኝም፣ ጽንፈኞች ቀሙኝ ብሎ ተከራከረ። አንድ ትንሽ ነገር አሳጣችው። በጭፍጨፋው መጨረሻ ፈረንሳዮች ወታደር ይዘው ሲገቡ፣ ሬድዮው በጄኔራል ዳሌርና በሰላም አስከባሪው ጦር ላይ የሚያወርደውን ዘለፋ እንዲያቆም ናሂማናን ጠየቁት፤ ዘለፋውም ቆመ። ስድቡን ማስቆም የቻለ ሰው ግድያውንም ዝም ሊያሰኝ ይችል ነበር። ለፈረንጆቹ ክብር ሲባል ቃሉ ሰምሯል፤ ለጎረቤቶቹ ሕይወት ግን አልሞከረውም።

ታኅሣሥ 3 ቀን 2003 ፍርዱ ተነበበ። ናሂማናና ንጌዜ ዕድሜ ልክ፣ ችሎቱን ረግጦ የወጣው ባራያግዊዛ 35 ዓመት። ዳኛዋ ናሂማናን የቃልን ኃይል አሳምረህ የምታውቅ ሰው ነበርክ፣ ገጀራም ጠመንጃም ሳትይዝ ሺዎችን ለሞት ዳርገሃል በሚል መንፈስ ወቀሱት።

ነገሩ በዚህ አላበቃም፤ ለእኔ የበለጠ የሚያስተምረው የይግባኙ ውሳኔ ነው። ኅዳር 28 ቀን 2007 የይግባኝ ችሎቱ ቅጣቱን ወደ 30፣ 32 እና 35 ዓመት ዝቅ አደረገ። የፍርድ ቤቱ ሥልጣን በ1994 ዓመት ብቻ የተወሰነ ስለሆነ ከዚያ በፊት የታተመ ጋዜጣ ለጥፋተኝነት መሠረት አይሆንም አለ። ከሚያዝያ 6 በፊት የተላለፉት የሬድዮ ፕሮግራሞችም ጥላቻ ቢሰብኩም ዘር እንዲጠፋ በቀጥታ መጥራታቸው ከጥርጣሬ በላይ አልተረጋገጠም አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ያሉት ግን በግልጽ ወንጀል ናቸው። ዳኛ ሜሮን ደግሞ በተናጠል ጽፈው፣ አስጸያፊ ንግግር ብቻውን የወንጀል ክስ እንዳይሆን ተከራከሩ።

ብዙ የተጎዱ ሰዎች በዚህ አዝነዋል፤ ኀዘናቸው ይገባኛል። አራት ዓመት ሙሉ የተዘራ ጥላቻ እንዴት ተለይቶ ይወጣል? ሆኖም ዳኞቹ ልክ ነበሩ እላለሁ። ሰውን የምታስረው ስለተናገረው መጥፎ ነገር ሁሉ ሳይሆን ቃሉ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ቦታ ለግድያ ትእዛዝ ሲሆን ነው።

ይህን ከሁሉ ይልቅ ያሳየኝ የዘፋኙ የሲሞን ቢኪንዲ ጉዳይ ነው። ዘፈኖቹ በሬድዮው ሌት ተቀን ይሰሙ ነበር፤ ገዳዮቹም ይዘፍኗቸው ነበር። ዐቃቤ ሕግ በዘፈኖቹም በንግግሩም ከሰሰው። በታኅሣሥ 2008 ዳኞቹ ዘፈኖቹን ቃል በቃል መርምረው በእነሱ ጥፋተኛ አላሉትም። የፈረዱበት በሰኔ 1994 መጨረሻ ከኪቩሙ ወደ ካዮቬ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በመኪና ላይ በተጫነ ድምፅ ማጉያ ቱትሲዎችን ግደሉ ብሎ በመቀስቀሱ ነው። 15 ዓመት። አንድ ሰው፣ አንድ ድምፅ፣ ሁለት ዓይነት ንግግር፤ አንደኛው ከሕግ ውጭ ሳይሆን ቀረ፣ ሁለተኛው ወኅኒ አስገባው።

በእኛ አገርም ሕጉ አለ። ኢትዮጵያ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶችን ቃል ኪዳን በ1993 ተቀበለች፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 የሐሳብ ነፃነትን ደንግጎ፣ የጦርነት ቅስቀሳ ግን በሕግ የሚከለከል ነው ይላል። በመጋቢት 2020 ደግሞ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185 ወጣ። አዋጁ ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከተሰራጨ ቅጣቱን እስከ ሦስት ዓመት እስራት ከፍ ያደርገዋል። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ጦርነት ተነሣ፤ በየወገኑ ሰውን እንደ አረም የሚቆጥር ቋንቋ በየስልኩ ፈሰሰ። እኔ የተከታይ ብዛት የሚቆጥር ሕግ አያጽናናኝም። የአሩሻ ዳኞች የጠየቁት ሌላ ነበር፤ ተናጋሪው ማን ነው? የተናገረው መቼ ነው? ሰሚው ምን ይዞ ቆሟል? እነዚህ ጥያቄዎች ሳይጠየቁ የሚቀርብ ክስ የሚይዘው ተቺ ጋዜጠኛን ነው፤ ጦር ያለው ቀስቃሽ ግን ያልፋል። በኑረምበርግም በአሩሻም የቀረቡት የተሸነፉት ወገኖች ቀስቃሾች ብቻ እንደነበሩም መርሳት የለብንም።

ለሬድዮው ገንዘብ ያሰባሰበው ነጋዴ ካቡጋ ለ26 ዓመት ያህል ተሸሽጎ ከቆየ በኋላ፣ ግንቦት 16 ቀን 2020 ከፓሪስ አጠገብ ባለች አስኒየር ሱር ሴን በምትባል ከተማ ተያዘ። ችሎቱ በመስከረም 2022 ሄግ ላይ ተከፈተ። ዳኞቹ ግን ተከሳሹ ከመጃጀቱ የተነሣ ፍርዱን መከታተል አይችልም ብለው ወሰኑ፤ በመስከረም 2023 ክርክሩ ላልተወሰነ ጊዜ ታገደ። ፍርድም አልተሰጠበትም።